ከላንጋኖ ጎጆዎች የመጨረሻዋ

ቶሪኖ፣ ጥቅምት 14 ቀን 1974 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት ለእትዬ ሮማነወርቅ፤

ይህች ደብዳቤ እርስዎንም ጋሼ አስፋውንም በደኅና ታግኝልኝ። እኔ፣ ባለቤቴ ሐዲስና ልጆቹ አምላክ ይመስገን ደኅና ነን። ብርዱ ገና ሳይጀምር ጉልበቴን ይቆረጥመኝ ጀምሯል እንጂ ሌላው ሁሉ መልካም ነው።

አሁን የምነግርዎትን ቁጭ ብለው ያንብቡት። ልንመጣ ነው። ሆስፒታሉ ያጠራቀምኩትን ፈቃድ በአንድ ጊዜ እንድወስድ ተስማምቶልኛል፤ ሐዲስም ከፋብሪካው እንዲሁ። በበጋው፣ በሰባተኛው ወር መጀመሪያ ላይ እንገባና ሁለት ወር ያህል አብረን እንሰነብታለን። እናቴን በቀበርን ማግሥት እጄን ይዘው ቤትዎ ያስገቡኝ አክስቴን ካየሁ ይኸው ከዐሥር ዓመት አለፈ። ልጆቼ እርስዎን የሚያውቁዎት በፎቶግራፍ ብቻ መሆኑን ሳስብ አፍራለሁ።

አንድ ነገር ላስቸግርዎት። እዚህ አገር በጋ በመጣ ቁጥር ሰው ውሃ ዳር ቤት ተከራይቶ ነው የሚያሳልፈው፤ ልጆቹም ይህንኑ ለምደዋል። ናዝሬት ቤታችን መግባታችን አይቀርም፤ ግን ሁላችንም አንድ ላይ የምንሆንባት አንዲት ጎጆ ውሃ ዳር ቢፈልጉልን እንዴት ደስ ባለኝ። እኔ ሶደሬን አስቤ ነበር። ምርጫው ግን የእርስዎ ነው፤ ኪራዩን እኛ እንችላለን።

መክብብ ምነው ዝም አለኝ? ሩቅ ተመድቦ እንደሚሠራ ጽፈውልኝ ነበር። ምን ቢርቅ ፖስታ ቤት የሌለበት አገር ነው እንዴ የተመደበው? የአክስት ልጅ ይባል እንጂ ከእሱ ሌላ ታናሽ ወንድም የለኝም። ጎጆዋ ለእሱም የምትበቃ ትሁን።

ልጅዎ ሸዋወርቅ

ናዝሬት፣ ኅዳር 20 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለልጄ ለሸዋወርቅ፤ ካለሽበት ድረስ ሰላሜ ይድረስሽ፤ እመቤቴ ከነልጆችሽ ታቁምልኝ።

ደብዳቤሽን ጮክ ብዬ ነው ያነበብኩት። ጎረቤቴ ዘርፉ ከግድግዳው ወዲያ ሆና «ማን መጣ?» አለችኝ። «ገና ልትመጣ ነው» አልኳት። የእኔና የእሷ ቤት አንድ ግድግዳ እንደሆነ ታውቂዋለሽ፤ እኔ ሳስነጥስ እሷ «ይማርሽ» ትለኛለች።

ጎጆውን በተመለከተ እንደ ደላላ ስዞር ከረምኩልሽ። ሶደሬን ተይው። ቅዳሜና እሑድ ናዝሬት ተጠቃሎ እዚያ ነው፤ የምታውቂው ሰው ሁሉ ከጎንሽ ይዋኛል። ዝዋይ ወረድኩ። ውሃው መልካም ነው፤ ቢንቢው ግን አንድ ሌሊት አሳድሮ ፊቴን አሳብጦ መለሰኝ፤ ጉማሬውም ማታ ማታ ሣር ሊግጥ ይወጣል አሉኝ። ልጆችሽን ለጉማሬ አልሰጥም። ከዚያ በአውቶቡስ አዳሚ ቱሉን አልፌ ላንጋኖ ደረስኩ።

ሸዋዬ፣ ላንጋኖን ወድጄዋለሁ። ውሃው ሻይ በወተት ይመስላል፤ አፈሩ ነው እንጂ ቆሻሻ እንዳይመስልሽ። ጎጆዎቹ ውሃውን ይዘው በመደዳ ተሠርተዋል። ጠባቂው ኦቦ ፉፋ የሚባል የዚያው አገር ሰው ነው። ምግብ ቤቱ አጠገብ ያለችውን፣ አዲስ ቀለም የተቀባችውን ሊሰጠኝ ብዙ ደከመ። እኔ ግን የመጨረሻዋን መረጥኩ። ከሌሎቹ ራቅ ብላ ከግራር ሥር ያለች ናት። መብራቷ አንዳንዴ ይጠፋል፤ በሯም ሲዘጋ ያቃስታል። ፉፋ «እማማ፣ ሰው ሁሉ የሚሸሻትን ነው የመረጡት» አለኝ። ለተባለው ወር ይዤልሻለሁ።

ጋሼሽ ሰላም ብለውሻል። እሳቸው እንደምታውቂያቸው ናቸው።

አክስትሽ ሮማነወርቅ

ናዝሬት፣ ኅዳር 22 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለልጄ ለሐዲስ፤ ጤናህ ይብዛልኝ።

ይህን የላክሁልህ በሰው እጅ ነው፤ በፖስታ የሚላክ አይደለም። ለብቻህ አንብበው። ለሸዋወርቅ እንዳታሳያት።

መክብብ የለም። በሰባ ዓመተ ምሕረት፣ ጥር ላይ፣ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ወሰዱት። ከሳምንት በኋላ ልብሱን መለሱልን። ሬሳውን አላየነውም። እንዳታለቅሱ ተባልን፤ ድንኳን አልተተከለም፤ ጥቁር አልለበስኩም። ዕድሩ አልመጣም፤ ቢመጣም በመጣው ሰው ላይ ነበር የሚብሰው፤ አልፈረድኩባቸውም። ጋሼህ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከግቢው አልወጡም። የልጃቸውን ስም ጠርተው አያውቁም፤ አንድ ዘለላ ዕንባ ሲወርዳቸው አላየሁም። እኔ ትራስ ነክሼ አለቅሳለሁ፤ እሳቸው ግን ይህም የላቸውም። ሰውዬው ከውስጥ እየደረቁብኝ ነው፤ እንዲህ ሆነው የሚከርሙም አይመስለኝም።

ለሸዋወርቅ «ሩቅ ተመድቧል» ብዬ ዋሽቻት ቆየሁ። ምን ላድርግ? መርዶ በፖስታ አይነገርም። ሰው ባጠገቧ በሌለበት አገር ወረቀት ይዛ እንድታለቅስ አልፈለግኩም።

አሁን ስትመጣ ደግሞ ወጉን ታውቀዋለህ፤ ከሩቅ የመጣ ዘመድ ለቅሶ ሳይደርስ ቤት አይገባም። ይህ ቤት ግን ተጮሆ የሚለቀስበት አይደለም። ዘርፉ ትሰማለች፤ ከዘርፉ ወዲያ ያለውም ይሰማል። ጎጆውን እሷ ራሷ ስትጠይቀኝ እግዚአብሔር የከፈተልኝ በር መሰለኝ። የመጨረሻዋን የመረጥኩት ነፋሱ ድምፅን ወደ ውሃው ስለሚወስደው ነው፤ ቆሜ አረጋግጫለሁ። እዚያ እንነግራታለን፤ አብረን እናለቅሳለን። ምናልባት ጋሼህም ያን ጊዜ ይወጣላቸዋል።

ስለዚህ ልጄ፣ ከቦሌ ናዝሬት ሳትገቡ በቀጥታ ላንጋኖ አምጣት። የምለምንህ ይህን ብቻ ነው።

እናትህ ሮማነወርቅ

ቶሪኖ፣ ጥር 8 ቀን 1974 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አክስቴ ለእትዬ ሮማነወርቅ፤

እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ለክብሩ ምስጋና ይድረሰውና ደኅና ነን። ቢንቢ ፊትዎን አሳብጦት አውቶቡስ ላይ ሲወጡ በዓይኔ መጣብኝ፤ ሳቅሁም፣ አዘንኩም። ለእኔ ብለው ይህን ሁሉ መንገድ መንከራተትዎ መቼም አይረሳኝም። ልጆቹ ሻይ በወተት የሚመስል ሐይቅ አለ ብላቸው አላመኑኝም። ትልቋ ሰሎሜ «ስኳርስ አለው?» ብላኛለች።

አንድ ነገር ብቻ፣ ምርጫዎን መንቀፌ እንዳይመስልብኝ። ጠባቂው ሊሰጥዎት የነበረችው፣ ምግብ ቤቱ አጠገብ ያለችው አትሻልም ወይ? ልጆቹ ማታ ማታ ሙዚቃም ሰውም ይወዳሉ። መብራት የሚጠፋባት፣ ሰው የሚሸሻት ቤት ለዕረፍት ምን ትሆናለች? ሐዲስን ምከር ብለው «እሳቸው የመረጧት ትሁን» አለኝ። ለምን ስለው ተነሥቶ መስኮት መዝጋት ጀመረ። ሰውዬው ከገና ወዲህ ጭምት ሆኖብኛል፤ ሥራ በዝቶበት ይሆናል። ከቦሌ በቀጥታ ወደ ሐይቁ በወንድሙ መኪና እንሄዳለን ብሎ ደግሞ ድርቅ ብሏል። ሁለታችሁ ተማክራችሁብኛል ልበል?

ይሁን፣ የመጨረሻዋ ትሁን። እርስዎ መርጠውልኝ ከፍቶኝ አያውቅም።

ለመክብብ አንድ ሹራብ ሠርቼለታለሁ። ቁመቱን ስለማላውቅ በሐዲስ ልክ ሠራሁት። የሚበዛበት ከሆነ እጅጌውን አጥፎ ይልበሰው።

ልጅዎ ሸዋወርቅ

ላንጋኖ፣ መጋቢት 9 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለሸዋወርቅ፤ ሰላም ለአንቺ ይሁን።

ምን ሆንሽብኝ? ሰባተኛው ወር ከገባ ሰነበተ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እዚሁ ጎጆ ውስጥ ነን። የቆረጥሽውን ቀን የሚነግረኝ ደብዳቤ ሳይመጣ ቢቀር ፖስታው ዘገየ ብዬ ዝም ብዬ ነበር። ትልቁ መንገድ ላይ መኪና ባለፈ ቁጥር ጋሼሽ ይነሣሉ።

አዎን፣ ጋሼሽ እዚህ ናቸው። ከናዝሬት እንዴት እንዳወጣኋቸው እኔ ነኝ የማውቀው። «እንግዳ ከሆነች ትምጣ እንጂ እኔ የት እሄዳለሁ» አሉ። በመጨረሻ «ልጆቹ ውሃ ዳር ማን ያያቸዋል?» ስላቸው ተነሥተው ጫማቸውን ጠየቁኝ። ያን ጫማ ከአልጋ ሥር ሳወጣው ሸረሪት አድርቶበት ነበር።

እኛ ብቻም አይደለንም። ከደብረ ዘይት የጋሼሽን እኅት እማሆይ በላይነሽን አምጥቻለሁ። ከአሰላ የመክብብ ክርስትና አባት አቶ መርዳሳ መጥተዋል፤ በዚህ ዕድሜያቸው ወንበር በሌለው የጭነት መኪና ነው የመጡት። በሁዳዴ መምጣትሽ ገርሞኝ ነበር፤ ፈረንጅ አገር ጾሙን ረሳሽው ብዬ ሳልነግርሽ ቀረሁ። ይኸው እኛ ሽሮ እየበላን ሐይቅ ስናይ እንውላለን። ፉፋ በየጠዋቱ እንዴት አደራችሁ ሲል በኦሮምኛ «አካም ቡልተኒ፣ ልጆቹ አልመጡም?» ይለናል።

ሐሳብሽን ለውጠሽ ከሆነ ንገሪኝ። አልቀየምሽም አልልሽም፤ እቀየማለሁ። ግን ታማሽ እንደሁ እንዳትደብቂኝ። ጋሼሽ ትናንት «ከእንግዲህ አትመጣም» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

አክስትሽ ሮማነወርቅ

ቶሪኖ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1974 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ሮማነወርቅ፤ እግዚአብሔር ጤናዎን ይጠብቅልኝ።

ቴሌግራሜ አስቀድሞ እንደደረሰዎት ተስፋ አደርጋለሁ። አልቀረሁም። ሐሳቤንም አልለወጥኩም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እንዴት እንደተሳሳትኩ ልንገርዎት።

እዚህ አገር በጋ የሚሉት ፀሐይ የሚከርበትን፣ ትምህርት ቤት የሚዘጋበትን ጊዜ ነው። ያ ደግሞ የእናንተ ክረምት ነው፤ የእኛ ክረምት ማለቴ ነው። ሰባተኛው ወር ያልኩትም የፈረንጆቹን ሰባተኛ፣ ሐምሌን ነው። ደብዳቤው አናት ላይ ቀኑን እርስዎ እንዲገባዎት በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ከውስጥ ግን በፈረንጅ አስቤ ጻፍኩ። እርስዎ ከመስከረም ቆጥረው መጋቢት ላይ ቢደርሱ ምን ይፈረድብዎታል? በጋ ነው፣ ሰባተኛም ነው፣ ሁሉም ልክ ነው። የአማርኛ ሰው መሆኔ የቀረ መስሎኝ አፈርኩ።

እትዬ፣ ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ጋሼን ይንገሩልኝ፤ ሐምሌ መባቻ ላይ ላንጋኖ ነኝ። ትኬቱ እጄ ላይ ነው። እማሆይ በላይነሽን ደግመው ይጥሩልኝ። አቶ መርዳሳንም ይጥሩልኝ፤ በጭነት መኪና እንዳይመጡ ግን የሐዲስ ወንድም ሄዶ ያመጣቸዋል። ማንም እንዳይቀር። ጎጆዋም ያቺው የመጨረሻዋ ትሁን፤ ሌላ አልፈልግም።

የእናንተን አንድ ወር ስለ በላሁ ይቅር በሉኝ። ስለ ጠበቃችሁኝም እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ልጅዎ ሸዋወርቅ

ናዝሬት፣ ግንቦት 12 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለልጄ ለሸዋወርቅ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ።

ደብዳቤሽን ሳነብላቸው ጋሼሽ ሳቁ። ሳቁ ነው የምልሽ። «ፈረንጅ በክረምት በጋ ነው ካለ ምን ይደረጋል» አሉ። ይህን ሳቅ ለሰማሁበት፣ መጋቢት ሙሉ ሽሮ መብላቴ ዋጋ ሆኖ ይቆጠርልኝ። ከዚያ ወዲህ አንዳንድ ቀን በር ድረስ ወጣ ብለው ሰኔ መቼ እንደሚያልቅ ይጠይቁኛል።

ፉፋን ምን አድርጌ እንደማመሰግነው አላውቅም። ጎጆዋን ሐምሌና ነሐሴ እንደገና እንድንይዛት ልጠይቀው ብሄድ አስቀድሞ ይዞልኛል። ሌላ ሰው ሲጠይቀው «ጣሪያዋ ያፈሳል» ይላል። አንድ ትልቅ ሰው መኪና አቁመው እሷኑ ካልሰጠኸን ቢሉት ጣሪያው ሥር ባልዲ አስቀምጦ አሳያቸው። ደረቅ ባልዲ ነው፤ ዝናብም አልነበረም። እዚያ መጋቢት ላይ በመጠበቃችን ውስጥ ሌላ ነገር እንዳለ ሳይገባው አልቀረም፤ አንድም ቀን ግን አልጠየቀኝም።

በሉ ኑ። ዝናቡ እዚያ እንደ ደጋው አይከፋም። ሁሉንም ጠርቻለሁ።

አክስትሽ ሮማነወርቅ

ቶሪኖ፣ መስከረም 20 ቀን 1975 ዓ.ም.

ይድረስ እንደ እናት ላሳደጉኝ ለእትዬ ሮማነወርቅ፤ አዲሱን ዓመት የሰላም ያድርግልዎ።

በደኅና ገብተናል። ሰሎሜ ውሃውን በጠርሙስ ይዛ መጥታ ለክፍል ጓደኞቿ እያሳየች ነው። ትንሹም ጠዋት ጠዋት «አካም ቡልተኒ» እያለ ጎረቤቶቻችንን ግራ ያጋባል። በፍልሰታ እርስዎ እየጾሙ ልጆቹ ያጠመዱትን ዓሣ የጠበሱላቸውን መቼም አይረሱትም።

ሳልነግርዎት የመጣሁት ነገር አለ። ከመኪናው ስወርድ ማንም አፉን ሳይከፍት «ወንድሜን» ብዬ ስጮኽ ደነገጡ። ነጠላዎን አዘቅዝቀው ቆመው ነበር፤ እንዴት እንደሚነግሩኝ ሲጨነቁ እንደነበር ከፊትዎ አይቻለሁ። ሐዲስ የነገረኝ መስሎዎት እስከ መጨረሻው ሲገላምጡት ነበር። ልጁን ይማሩልኝ፤ አልነገረኝም። የነገሩኝ እርስዎ ነዎት።

ያን መጋቢት የጻፉልኝን አስታወሱት? በመዘግየቴ ሊቆጡኝ የጻፉት ነው። ከደብረ ዘይት እማሆይ በላይነሽን አምጥቻለሁ፣ ከአሰላ የመክብብ ክርስትና አባት መጥተዋል ብለውኛል። ያን ሳነብ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። እትዬ፣ እማሆይና አቶ መርዳሳ በሁዳዴ ሽርሽር አይወጡም። እነዚህ ሰዎች አንድ ቤት ገብተው ሰው የሚጠብቁት ለመርዶ ነው። ሁሉም በስማቸው ተጠርተው የእሱ ስም ብቻ ከመጡት መካከል አልነበረም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ድምፄን ዋጥኩት። እዚህ ፎቅ ላይ ጮኾ የሚያለቅስ ሰው ሲሰማ ጎረቤት አምቡላንስ ይጠራል። ለመክብብ እንደዚያ ያለ ለቅሶ አልፈለግኩም። የሠራሁለትን ሹራብ ሻንጣ ውስጥ ከትቼ፣ ሐምሌን እየጠበቅሁ፣ በሽተኛ ሳጥብ ከረምኩ። እዚያ ቦታ እንዳለኝ ማወቄ ነው ያቆመኝ። ለዕረፍት ያልኩዎትን ቤት ለለቅሶ መርጠው እንደጠበቁኝ ሲገባኝ፣ በሐዘኔ መካከል ደስ አለኝ ብል ያምኑኛል? ማንም ሰው ለማንም እንዲህ ያለ ቤት የመረጠ አይመስለኝም።

ጋሼ ግራሩን ተደግፈው «መክብቤ» ሲሉ የሰማሁት ድምፅ ከጆሮዬ አይወጣም። ሦስቱን ቀን ቁጭ ብለው ካለቀሱ በኋላ፣ በአራተኛው ሱሪያቸውን ሰብስበው ከልጆቹ ጋር ውሃው ውስጥ ሲገቡ ሳይ እጅዎን የሳምኩት ለዚህ ነበር። በቃል ደግሞ አሁን ልበለው፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እናቴ።

ልጅዎ ሸዋወርቅ

ናዝሬት፣ ጥቅምት 17 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለልጄ ለሸዋወርቅ፤ ሰላምና ጤና ከቤትሽ አይታጣ።

ለካ ራሴ ነኝ ያረዳሁሽ። እኔ ቃል ሳማርጥ ስንት ቀን እንቅልፍ አጥቼ፣ ለካ በቁጣ ጽፌ ጨርሼው ኖሯል። ሐዲስን ይቅርታ ጠይቂልኝ፤ ያን ሁሉ ግልምጫ በነጻ ነው የበላው።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ ነው የምልክልሽ። ጋሼሽ «በፖስታ ላኪው» አሉኝ።

የሆነውን ልንገርሽ። ሰኞ ጠዋት ጋሼሽ ጫማቸውን አድርገው ብቻቸውን ወደ ገበያ ወጡ። ዘርፉ በሯን ስትጠርግ አገኘቻቸውና «ዕረፍት እንዴት ነበር ጋሼ?» አለቻቸው። ከተመለስን ጀምሮ ሰው ሁሉ የሚጠይቀን ይህንኑ ነው፤ እኔ «ደኅና ነበር፣ ውሃው ሞቃት ነው» እያልኩ አልፋለሁ። እሳቸው ቆሙ።

«ልጄን አልቅሼ መጣሁ» አሏት።

እኔ ከውስጥ ልብስ ሳጥፍ ሰማሁ፤ ልብሱን እንደያዝኩ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። በዚህ ሰፈር፣ በዚያ በር ላይ፣ በቀን እንዲህ ያለ ቃል ከተነገረ አምስት ዓመት ሊሆነው ነው። ዘርፉ መጥረጊያዋን ይዛ ወደ ቤቷ ገባች። ፈራች ብዬ አዘንኩላት፤ ልጆች አሏት።

ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ዘርፉ ናት፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ በትልቅ ሳህን የስንዴና የሽምብራ ንፍሮ ቀቅላ ይዛለች። ገብታ መሬት ላይ ተቀመጠችና ድምጿን ሳትቀንስ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አለችን። ሸዋዬ፣ ይህን ቃል በዚህ ቤት ውስጥ ማንም ብሎን አያውቅም ነበር። ለሰው ሁሉ ስናደርሰው የኖርነው፣ ለእኛ ግን የቀረብን ቃል ነው። «አሜን» ብለው የመለሱላት ጋሼሽ ናቸው።

በማግሥቱ ባለ ሱቁ ደሊል ከሚስቱ ጋር መጣ። ቀጥሎ የመክብብ አስተማሪ የነበሩት የኔታ ሰንበታ መጡ። ከዚያ በኋላ የመጣውን ሰው ሁሉ አልጽፈውም። ወንበር ስላልበቃን ከዘርፉ ቤት አግዳሚ አምጥተናል። ሰዎቹ ዝም ብለው አይቀመጡም፤ ስለ እሱ ያወራሉ። በኳስ መስኮታቸውን የሰበረባቸው ሳይቀሩ መጥተው ነገሩን። ጋሼሽ ይሰማሉ፤ ያለቅሳሉ፤ ደግሞ ይስቃሉ። በልተው ይተኛሉ።

በሩን ከሰኞ ጀምሮ አልዘጋነውም። ብዙ ልጽፍልሽ ነበር፤ አሁን ደግሞ ሰው ገባ። ልነሣለት።

እናትሽ ሮማነወርቅ